«አስወረደኝ» ወይስ «አስወረድኩ»? ፍርድ ቤት ስለሚመርጣቸው ቃላት አንድ ጥያቄ አለኝ

ጠያቂ፦ ጸሐፊዋ ከጅማ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ጅማ፣ ፍርድ ቤት በር አካባቢ፣ በሸራ ጥላ ሥር አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ይዤ ስቀመጥ ይኸው አሥራ አራተኛ ዓመቴ ነው። ስጀምር በታይፕ ነበር። ክረምት ሲገባ ፕሪንተሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የምሠራው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚህ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እኔ በሁለቱም እጽፋለሁ። አማርኛ የሚፈለገው ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ነው። ለአንድ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት፣ ለኢንሹራንስ፣ ለፌዴራል ሰበር። ስለዚህ ግማሹ ሥራዬ ትርጉም ነው። አስተርጓሚ ብሎ የሾመኝ ሰው የለም። ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ በቃ።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ አንዲት ሴት መጣች። ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የድርጅቱ ዋና ቢሮ አዲስ አበባ ነው። አራት ወር አርግዛ ጽንሱ ወርዶባት ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች። የሕመም ፈቃድ እንዲያዝላት ዋናው ቢሮ ማመልከቻና የሐኪም ማስረጃ ጠየቃት። የሐኪሙ ወረቀት እንግሊዝኛ ነው። መሃሉ ላይ «ኢንኮምፕሊት አቦርሽን» ይላል።

እሷ የነገረችኝ በአፋን ኦሮሞ ነው። «ኡልፊ ነራ በኤ» አለችኝ። እርግዝናው ከእኔ ወጣ እንደማለት ነው። እኔ ግን የሰማሁትን ትቼ ያየሁትን ጻፍኩ። «አቦርሽን» የሚለውን ሬዲዮ ላይ እንደምሰማው አድርጌ ተረጎምኩት። «አመልካች ጽንስ በማስወረዴ ምክንያት ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቼ…» ብዬ ጀመርኩ። አንድ ገጽ ነበር። ሠላሳ ብር ተቀበልኳት።

በሳምንቱ ተመለሰች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽብኝ?» አለችኝ። ልብ በሉ፣ «የጻፍሽልኝ» አይደለም፤ «የጻፍሽብኝ» ነው ያለችው። ቢሮው በገዛ ፈቃድሽ ላደረግሽው ነገር የሕመም ፈቃድ የለም ብሏታል። እሱ እንኳ ይሁን። የማመልከቻው ቅጂ ባሏ እጅ ገብቷል። አማርኛ ያነባል። «ልጄን ገድለሽ ወረደብኝ ትያለሽ?» ብሎ አስወጥቷት እናቷ ቤት ነው ያለችው።

ደብዳቤውን በነፃ ቀየርኩላት። ቢሮው ተቀበለ። ባልየውን ግን ምን ላድርገው? አዲሱን ወረቀት ስታሳየው «እውነተኛው የፊተኛው ነው፤ ይኼኛው ስትለምኛት የጻፈችልሽ ነው» አለ አሉ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋን አላየኋትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህ ቃል ሳስብ እውላለሁ። «አስወረደኝ» ስንል እንደ «ራበኝ»፣ እንደ «በረደኝ»፣ እንደ «አስነጠሰኝ» ነው። የደረሰብን ነገር ነው፤ አድራጊ የለውም። «አስወረድኩ» ስንል ግን አድራጊዋ እኔው ነኝ። ልዩነቱ «ኝ» እና «ኩ» ናት። ስለ ሌላ ሴት ሲወራ ደግሞ ይብሳል። «አስወረዳት» ማለት በራሱ ወረደባት ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንድ ሰውዬ አስገድዶ አስወረዳት ማለት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሐዘን ነው፣ ሌላው ወንጀል ነው። ፊደሉ አንድ ነው! አፋን ኦሮሞም የዚያው ዘመድ ነው። «በኡ» መውጣት ነው፣ «ባሱ» ማውጣት። ነገሩ የሚጠራው ግን «ኡልፈ ባሱ» እየተባለ ነው፤ አውጪ እንዳለው ሆኖ።

አሁን ይኼን ሁሉ ያስነሳችብኝ የእህቴ ልጅ ናት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትማራለች፣ ሦስተኛ ዓመት። ስለ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቤት ሥራ ይዛ እኔ ጋ መጥታ ፕሪንት ስታደርግ «አክስቴ፣ እነዚህ ዳኞች እኮ የተጣሉት አንቺ በተሳሳትሽበት ነገር ነው» አለችኝ። ስቄ ዝም አልኳት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

የምታውቁ ንገሩኝ። እውነት ትልቅ ፍርድ ቤት በቃል ምርጫ ሕግ ይለውጣል? የእኛስ ሕግ የትኛውን ቃል ነው የሚለው? እኔስ ነገ እንደዚያች ያለች ሴት ብትመጣ ምን ብዬ ልጻፍ?


መልስ፦ የሕግ ተመራቂ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ምናልባት እርስዎ ጋ ፕሪንት አድርጌ አውቅ ይሆናል።

የእህትዎ ልጅ ያለችው ልክ ነው፤ ትንሽ ላርመው። ዳኞቹ በቃል ብቻ አይደለም የተለያዩት። ግን ገና መጀመሪያ ገጽ ላይ ጽንሱን ምን ብለው እንደጠሩት ካዩ፣ ፍርዱን ሳያነቡ መጨረሻውን መገመት ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1973 በሮ እና በዌድ ጉዳይ፣ ጽንስ የማቋረጥ መብትን ባጸናው ፍርድ፣ ክርክሩ አንድ ቃል ላይ ደርሶ ነበር። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ «ማንኛውም ሰው» ያለ ሕግ ሕይወቱን አያጣም ይላል። ቴክሳስ ጽንስም «ሰው» ነው ብላ ተከራከረች። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሃሪ ብላክመን ቃሉ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ለቀሙ። ከዚያ በኋላ ያልተወለደውን አይጨምርም አሉ። እንግዲህ ጽንሱ ምን ይባል? «ሊሆን የሚችል ሕይወት» አሉት። «ሊሆን የሚችል» የምትለዋን ያዙልኝ። መንግሥት ሊጠብቀው የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው፤ ግን ገና ስላልሆነ የሴቲቱን መብት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይጥለውም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የአገሩ ሕግ የቆመው በዚህ ዓይነት ቃል ላይ ነው።

አሁን 2022ን ይዩ። የቀረበው የሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ሕግ ከ15 ሳምንት በኋላ ማቋረጥን ይከለክል ነበር። የሕጉ ቃል «ያልተወለደ የሰው ልጅ» ነው። ሰኔ ላይ ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ የብዙኃኑን ፍርድ ሲጽፉ ያደረጉት ነገር የሚገርም ነው። «ሊሆን የሚችል ሕይወት» የሚለውን በትምህርተ ጥቅስ አሰሩትና የእነዚያ የድሮ ፍርዶች አጠራር ነው አሉ። አጠገቡ የሚሲሲፒን ቃል አኖሩት። ፍርዱ ጽንስ መቼ እንደ ተወለደ ሰው መብት እንደሚኖረው አቋም አልያዝኩም ይላል፤ በግልጽ ይላል። እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ ሁለቱ ቃላት እኩል የቆሙ አልመሰለኝም። አንዱ በሰው አፍ የገባ፣ ሌላው የቤቱ ባለቤት ይመስላል። ሮ ተሻረ፤ ጉዳዩ ወደየክፍለ ግዛቱ ተመለሰ።

ይህን ነገር ዳኞቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው ተካሰውበታል። በ2007 አንድ የቀዶ ሕክምና ዘዴን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ቀረበ። ሕጉ ለዘዴው የሰጠው ስም «በከፊል ከተወለደ በኋላ ማስወረድ» የሚል ነው፤ ሐኪሞች ዘዴውን የሚጠሩበት ስም አይደለም። ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ሕጉን አጸደቀ። ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በተለየ ሐሳባቸው ብዙኃኑን በቃላቸው ያዟቸው። የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞችን በሙያ ስማቸው ትታችሁ «የውርጃ ሐኪም» ብላችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ጠራችኋቸው፣ ጽንሱን «ያልተወለደ ሕፃን» አላችሁት ብለው ጻፉ። ልክ እርስዎ ሸራ ሥር ሆነው እንዳሰቡት ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አላባማ ነው። በአንድ ክሊኒክ ውስጥ በከፍተኛ ቅዝቃዜ የተቀመጡ ሽሎች ነበሩ፤ በላቦራቶሪ ተፀንሰው ማኅፀን ውስጥ ያልገቡ። አንድ ሰው ገብቶ ሲያነሳቸው ቅዝቃዜው እጁን ፈጀውና ጣላቸው። ወላጆቹ ከሰሱ። የከሰሱበት ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በሰው ጥፋት ሲሞት ወላጅ ካሳ የሚጠይቅበት ነው፤ በ1872 የወጣ። የዚያን ጊዜ ሽልን በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ማን በሕልሙ አየው? የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2024 «ልጅ» የሚለው ቃል እነዚህንም ይጨምራል አለ። «ከማኅፀን ውጭ ያሉ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። በዚያው ሳምንት አንዳንድ ክሊኒኮች በላቦራቶሪ የማስፀነስ ሥራቸውን አቆሙ። ልጅ ፈልገው መርፌ ሲወጉ የነበሩ ሴቶች መሃል መንገድ ቀሩ። በወሩ ምክር ቤቱ ለክሊኒኮቹ ከለላ የሚሰጥ ሕግ ለማውጣት ሮጠ። ይህ ሁሉ «ልጅ» በምትል ቃል ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከመወለዱ ጀምሮ እስኪሞት ነው ይላል። ቀጥሎ ደግሞ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ ውርስን ያስቡ። ግን ሕያው ሆኖ መወለድና መቆየት አለበት። መቆየት ማለት ስንት ነው? 48 ሰዓት ከኖረ ሕጉ ኗሪ ይለዋል። «እንደተወለደ ይቆጠራል» የምትለዋ አነጋገር ደስ ትለኛለች። ነው አትልም፣ አይደለምም አትልም።

የወንጀል ሕጉ አዋጅ ቁጥር 414/1996 ነው፤ ከግንቦት 1997 ጀምሮ ይሠራል። አንቀጽ 545 ጽንስን አስቦ ማቋረጥ በማንኛውም ደረጃ ያስቀጣል ብሎ ይጀምራል። አንቀጽ 551 ደግሞ በሩን ይከፍታል። እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት ከመጣ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለዚያም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነ። ርዕሱ ስለሚፈቀድበት ሁኔታ ያወራል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን የሚለው «አያስቀጣም» ነው። መፍቀድና አለመቅጣት አንድ አይደሉም።

የቃል ጨዋታ ነው ካሉኝ ጀርመንን ልንገርዎ። የእነሱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993፣ ሴቲቱ የምክር አገልግሎት አግኝታ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ብታቋርጥ «ሕገ ወጥ ነው፤ ግን አይቀጣም» አለ። ካልተቀጣች ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል? ያመጣል። ሕገ ወጥ ስለተባለ የሕዝብ የጤና መድኅን ወጪውን እንዳይሸፍን ሆነ። የእርስዎ ሴትዮ የሕመም ፈቃድ የተከለከለችው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። ማንም አልከሰሳትም፤ ስሙ ግን ገንዘቧን ወሰደው።

አንድ የመጨረሻ። የፌዴራል አዋጅ አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ እትዬ፣ ቀልድ አይደለም፤ እዚህ አገር አማርኛ መምረጥ ሕግ መምረጥ ነው።


መልስ፦ አንባቢ ብቻ

ሠላሳ ብር?? አሁን እኛ ሰፈር ገጹ መቶ ነው። ሌላው ገብቶኛል፣ ቀጥሉ።


መልስ፦ አዋላጇ

እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። የኛም አለበት።

በሕክምና እንግሊዝኛ «አቦርሽን» ማለት ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ መኖር ሳይችል እርግዝናው ማብቃቱ ነው። በራሱ ይሁን፣ በመድኃኒት ይሁን፣ ቃሉ ግድ የለውም። እኛ ዘንድ ድንበሩ 28 ሳምንት ነው። «ስፖንቴኒየስ» ከተባለ በራሱ ወረደ። «ኢንዲውስድ» ከተባለ ሰው ነካው። «ኢንኮምፕሊት» ከተባለ ገና ያልወጣ ነገር ውስጥ ቀርቷል ማለት ብቻ ነው፤ ማን አስጀመረው አይልም። «ሚስድ» ከተባለ ጽንሱ ሆድ ውስጥ ሞቶ አልወጣም። «ትሬትንድ» የሚባል አለ፤ ሴትዮዋ ደም አይታለች፣ እርግዝናው ግን አለ፣ ሊቀጥልም ይችላል። አንድ ባል ካርዱን በስልኩ ተርጉሞ «ላስወርድ ብላ ዝታለች ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ሳቁ ጠፋብኝ።

ዋርድ ውስጥ ስንጣደፍ ሁሉንም ባጭሩ እንጽፋለን። ካርዱ የሐኪምና የሐኪም ወሬ ነው ብለን ነው። ወጥቶ ፍርድ ቤት በር እንደሚሄድ ማን አሰበ?

ሌላ ነገር ልጨምር። የሕግ ተመራቂው ያልነካት አንዲት አንቀጽ አለች፤ ለኛ ዋናዋ እሷ ናት። 552። ተደፍሬ ነው ላለች ሴት ማስረጃው የራሷ ቃል ነው፤ ቃሏ ብቻ ይበቃል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጪ አንላትም። ዕድሜዋንም የነገረችንን እንጽፋለን፤ የልደት ካርድ አንጠይቅም። የጤና ጥበቃ መመሪያው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ እንድናስተናግዳት ነው የሚለው። ይህች አንቀጽ ባትኖር ኖሮ ልጅቷ ፖሊስ ጣቢያ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ችሎት እያለች ሆዷ ይገፋ ነበር። ለዚህ ነው እኛ አገር ይህ ጉዳይ ዳኛ ፊት ብዙ የማይታየው። ቃሉን የሚመርጠው ካርድ ክፍል ያለ ሰው ነው፣ እኔ ነኝ፣ አንቺ ነሽ።

ሴቶቹ ራሳቸው ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? «ተጠረግኩ» ነው የሚሉት። ማኅፀን ጠረጋ። በራሱ ወርዶባት የቀረው የወጣላትም «ተጠረግኩ» ትላለች፤ አስባ ያቋረጠችውም «ተጠረግኩ» ትላለች። ጎረቤት የቱ እንደሆነ አያውቅም። እንዳያውቅም ነው። የዚያ ቃል ጥቅሙ ድፍርስ መሆኑ ነው። ጥናት ሊሠሩ የሚመጡ ልጆች ድፍርስነቱን አይወዱትም፤ እኔ ግን በውስጡ ስንት ሴት ተሸሽጋ እንዳለፈች አይቻለሁ።


መልስ፦ አባ በርጩማ

እኔ የቀለም ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ጅሬን መንገድ ላይ በርጩማ እጠርባለሁ። ያነበበልኝ ልጄ ነው፣ የሚጽፈውም እሱ ነው።

ሁላችሁም ስለ ክፉ ቃል አወራችሁ። ስለ ለስላሳ ቃል ግን ማንም አላወራም። «ማቋረጥ» ምንድን ነው? ስልክ ይቋረጣል፣ መብራት ይቋረጣል። ተማሪ ትምህርት ያቋርጣል፣ ከርሞ ይቀጥላል። የተቋረጠ ነገር እኮ ይቀጥላል ብለን የምንጠብቀው ነው። ይኼኛው ይቀጥላል? አይቀጥልም። እንግዲያ ቃሉ ዋሸ ማለት ነው። አማርኛችሁ ያረገዘችዋን «ነፍሰ ጡር» ይላል። ነፍስ አለች ብሎ ገና በስሟ ይመሰክራል። በእኛ በእስልምናም ዑለማዎቹ ስለ 120 ቀን፣ ሩሕ ስለሚነፋበት ጊዜ ብዙ ተነጋግረዋል። የፈረንጁ ዳኛ ክፉ ቃል መረጠ ካላችሁ፣ የእኛ ሕግ አውጪስ የጥጥ ቃል አልመረጠም?

ያቺ ሴትዮ ላይ የደረሰው ግን ግፍ ነው። እሱን አልክድም። ባልየው መጀመሪያ ዓይኗን ቢያያት ይሻለው ነበር፤ ወረቀት ከማየት።


መልስ፦ ጸሐፊዋ ከጅማ

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። መብራት ሄዶ ነበር፤ አሁን ነው ያነበብኩት።

አባቴ፣ የእርስዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ልክ ነዎት፤ «ማቋረጥ» የጥጥ ቃል ነው። እኔ ስጽፈው እጄ ቀለል እንደሚለው አሁን ነው ልብ ያልኩት። ግን ይፍቀዱልኝና፣ «ነፍስ ማጥፋት» ብዬ ብጽፈውስ? ያኔ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ከሳሽ ሆንኩ ማለት ነው። በሠላሳ ብር (እሺ፣ አሁን ሰባ ነው፣ መቶ አልገባሁም) የሰው ዳኛ መሆን አልችልም። እርስዎ በርጩማውን ከእንጨቱ ነው የሚጠርቡት አይደል? እንጨቱ ወደሚሄድበት። እኔም እንጨቴ ሴትየዋ ያለችኝ ነገር ነው።

ለሕግ ተመራቂው፦ የአላባማው ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። 1872 የጻፈው ሰው «ልጅ» ሲል ምን እያየ ነበር? በር ላይ የሚሯሯጥ ልጅ ነው የሚሆነው። እኔ የዛሬ አሥር ዓመት የጻፍኳቸው ወረቀቶች ማን እጅ ገብተው ምን እየተባሉ እንደሚነበቡ አሰብኩና ሆዴ ባር ባር አለ። የጀርመኑን ደግሞ ለእህቴ ልጅ አሳየኋት፤ «ይኼን መምህራችን አልነገሩንም» ብላ ገለበጠችው። ስምህን ትጥቀስ አትጥቀስ እንጃ።

አዋላጇ እህቴ፣ የጻፍሽውን ዝርዝር ፕሪንት አድርጌ ከጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አስገብቼዋለሁ። «ኢንኮምፕሊት ማን አስጀመረው አይልም» የምትለዋን በቀይ አሰመርኩባት። አንዷ ብቻ ጎረበጠችኝ። «ተጠረግኩ» ድፍርስ ስለሆነ ይሸሽጋል አልሽ፤ እውነት ነው፣ ሰፈር ውስጥ ይሸሽጋል። ወረቀት ላይ ግን ድፍርስ ቃል የሚጠራው አንባቢው እንደፈለገው ነው። የእኔዋን ሴትዮ ያስወጣት እኮ ድፍርስ ቃል ነው። «አቦርሽን» ድፍርስ ነበር፤ እኔ ደግሞ ወደ ክፉው ጎን አጠራሁት። ስለዚህ አፍ ላይ ሲሆን ካንቺ ጋር ነኝ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን አይደለሁም።

እስከዚያው ለራሴ ያወጣሁት ነገር ይህ ነው። በራሱ ከሆነ «ጽንሱ በራሱ ጊዜ ስለወረደብኝ» ብዬ እጽፋለሁ፤ «ብኝ» ትግባበት። በሌላ ሰው ድብደባ ከሆነ አድራጊውን በስም እጽፋለሁ፣ «አስወረዳት» ብዬ አልተወውም። ለመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩ ምን ያደርግላቸዋል? «በሕክምና ላይ ስለነበርኩ» ይበቃል፤ የሐኪሙ ማኅተም አለ። ይኼ የመጨረሻው ያኔ ቢታየኝ ኖሮ…

ይኼን እየጻፍኩ ሳለ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ መጣ። «ሚስድ አቦርሽን» ይላል። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ማመልከቻ ነው የፈለገው፤ የሚስቱ መሥሪያ ቤት ምክንያቱ ይብራራ ብሎ መልሶባታል። «ሚስትህ የት ናት?» አልኩት። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣለች። «እሷን ጥራልኝ» አልኩት። ደስ አላለውም፤ ግን ጠራት።

በርጩማዬን ለቀቅኩላት። ቀስ ብላ ነገረችኝ። አምስተኛ ወር ላይ እንቅስቃሴው ጠፋባት፣ ሆስፒታል ሄደች፣ የለም ተባለች። አላቋረጥኳትም። ከዚያ ጻፍኩ። «በሆዴ ውስጥ የነበረው ጽንስ በራሱ ጊዜ በመሞቱ…» አልኩና አነበብኩላት። አሁን ሁሌ አነባለሁ፤ ያኔ አላነብም ነበር።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስቀመጠች። «ጽንስ» የሚለው ላይ።

«እሱን አጥፊው» አለችኝ። «ልጄ በይው።»

አጠፋሁት። «ልጄ» ብዬ ጻፍኩላት።